የአልማዙ እኩያ

ላሊበላ ተወልዶ፣ ላሊበላ አድጎ ድንጋይ የሚጠላ ሰው አለ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? የትናየት ሰጠኝ ጠላች። የጠላችው ድንጋይ ደግሞ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ገና በጣቷ እንኳ ያላጠለቀችው አልማዝ ነው። ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚባለው ለካ እንዲህ ያለው ነው።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ቃለሕይወት ከጥምቀት በፊት «ቀለበት ላስርልሽ ነው፤ ሽማግሌም እልካለሁ» ሲላት እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነበር የነጋው። ጥምቀት መጣ፣ ሄደ። የጥር ሙሽሮች ተሞሽረው፣ መልስ ተጠርተው ጨረሱ። ሁዳዴ ደጅ ላይ ቆሟል፤ እሱ ከገባ ደግሞ እስከ ፋሲካ ሠርግ የሚባል ነገር የለም። የእነሱ ቀለበት ግን ገና ይመረጣል። ቀለበቱ ካልተመረጠ ሽማግሌ አይላክም ስለተባለ ሽማግሌውም ቁጭ ብሎ ድንጋይ ይጠብቃል።

ዛሬ ገና ለተቀላቀላችሁን ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። የትናየት በከተማው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። አባቷ አቶ ሰጠኝ ከተራራው ሥር የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ ወደ አሸተን ማርያም ለሚወጣ እንግዳ በቅሎ እያከራዩ ነው ያስተማሯት። ቃለሕይወት ደግሞ የወይዘሮ ባንቺዓለም አንድ ልጅ ነው። ወይዘሮ ባንቺዓለም ማለት አፋፉ ላይ ያለው የትልቁ ሆቴል ባለቤት ናቸው። ሁለቱ የተዋወቁት የሆቴሉን ወጥ ቤት ሠራተኛ ምጥ ይዟት በመኪናው ሲያመጣት ነው። ሴትየዋ በሰላም ተገላገለች፤ እሱ ግን ደም ሲያይ ኮሪደሩ ላይ ተዘረረ። ሕፃኑንም እሱንም ያነሳችው የትናየት ናት።

ድንጋዩን በጠላችበት ዕለት ጠዋት ከአዳር ሥራ ወጥታ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ ተለጥፎ፣ ወደተከራየችው ክፍል ስታዘግም ስልኳ ጠራ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ናቸው። የደሴው ወርቅ ሠሪ ጋሽ ሐምዳን ድንጋዮቹን ይዘው መጥተዋል፣ ቀለም የሚለየው በጠዋት ብርሃን ስለሆነ ፀሐይዋ ሳትከር ድረሺ አሏት። የትናየት ወገቧ ለሁለት የተቆረጠ መስሏታል፤ ቢሆንም እምቢ ማለት አልለመደባትምና ሄደች።

ሆቴሉ ሰገነት ላይ ጠረጴዛ ወጥቷል። በጠረጴዛው ላይ ነጭ ነጠላ ታጥፎ ተነጥፏል፤ ነጠላው ላይ ሦስት አልማዞች ተቀምጠዋል። ቃለሕይወት ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አፍንጫው ነጠላውን ሊነካ ምንም አልቀረው። «ነይ፣ ነይ» አላት ቀና ሳይል። እንደምን አደርሽ የለ፣ እንዴት ነበር ሥራ የለ።

ጋሽ ሐምዳን ግን ብድግ ብለው ወንበር ሳቡላት። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላህ ይወቅ፣ እንደ አዲስ አስረዷት። ይህ ኤመራልድ የሚባለው አቆራረጥ ነው። ስሙን ከአረንጓዴው ድንጋይ ይዋስ እንጂ አልማዙ ነጭ ነው። ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ሆኖ አራቱም ጥጎቹ ተከርክመዋል፤ ሹል ጥግ ያለው ድንጋይ በር ሲነካው ይሸረፋል፣ የተከረከመው ግን ይችላል። ፊቱ እንደ ደረጃ ዝቅ ዝቅ እያለ የተጠረበ ስለሆነ ብልጭልጭ አያበዛም። ታዲያ ብልጭታ የማይሸፍነው ድንጋይ ጉድለቱንም አይደብቅም፤ ቢጫ ካለበት ቢጫው ይታያል፣ ድንጋዩ ሲተልቅ ደግሞ ይብስበታል። አንደኛው ትልቅ ነው፣ ግን ወደ ቢጫ ያደላል፤ በቢጫ ወርቅ ቢታሰር አይታወቅም። ሁለተኛው ነጭ ነው፣ ግን አነስ ይላል። ሦስተኛው ትልቅም ነጭም ነው፤ ዳሩ ግን ወገቡ፣ ማለት ዙሪያ ጠርዙ፣ ሳስቷል።

«ወገቡ ቢሳሳስ?» አሉ ወይዘሮ ባንቺዓለም። «አልማዝ አይደል እንዴ?»

«እትዬ፣ አልማዝ አይጫርም ማለት አይሰበርም ማለት አይደለም» አሉ ጋሽ ሐምዳን። «እንጨት የሚፈለጥበት አቅጣጫ እንዳለው ሁሉ እሱም አለው። በዚያ በኩል፣ ያውም ወገቡ ስስ ከሆነ፣ አንዴ ከተመታ ይሰነጠቃል።»

ወይዘሮ ባንቺዓለም ፊታቸው ጠቆረ። እንዲያ ከሆነ ሦስቱም አይሆኑም፤ ትልቅም፣ ነጭም፣ ወገበ ወፍራምም ይምጣ አሉ። ጋሽ ሐምዳን ዱባይ ወንድም አላቸው፤ ይጠየቅ ተባለ። ቃለሕይወትም «ልክ ነው እማዬ፣ የዕድሜ ልክ ነገር ነው» ብሎ አጨበጨበላቸው። የትናየት ተስፋዋ እግሯ ሥር ወደቀ። ዱባይ ማለት ሌላ ሳምንት ማለት ነው።

በመጀመሪያው ሰሞን እሷ «የወገል ጤና ኦፓል ቢሆንስ? የአገራችን ነው፣ ደግሞ ያምራል» ብላ ነበር። ጋሽ ሐምዳን ኦፓል ወዳጅ ናቸው፤ ለሷ ግን አልመከሩም። ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎ ይጫራል፣ ቀኑን ሙሉ እጁን ለሚታጠብ ሰው አይሆንም አሏት። በዚህ ሁሉ ምርጫ መሃል የእጇን ነገር ያሰበ እሳቸው ብቻ ናቸው። አሁንም ድፍረት ያገኘችው ከሳቸው ነው፤ «ይህን ያህል ድንጋይ አጥልቄ ጓንት ይገባልኛል?» ብላ ጠየቀች።

ወይዘሮ ባንቺዓለም እንደ ልጅ ጥያቄ ፈገግ አሉላት። «ስለ ጓንት ምን አስጨነቀሽ? ስትጋቡ ሆቴሉን ትረጃለሽ እንጂ የሰው ምጥ ስትጠብቂ አታድሪም።»

የትናየት ቃለሕይወትን አየችው። አንድ ነገር ይላል ብላ ነው። «እማዬ፣ ሥራዋ እኮ ነው» ቢል ይበቃት ነበር። እሱ ግን ዓይኑ ላይ መነጽር ሰክቶ የአልማዝ ወገብ ይለካል። ከሆቴሉ ስትወጣ ቆሽቷ አርሮ፣ እንቅልፏ ጠፍቶ ነበር።

ቤቷ ብትገባም እንደማትተኛ ስለገባት ለአባቷ ጥቂት ስኳርና ሳሙና ገዝታ የተራራውን መንገድ ያዘች። አባቷን ካየቻቸው ሰንብታለች። ከከተማው ብዙም ሳትርቅ ሲሚንቶ የጫነ በቅሎ ከፊቷ መጣ። ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ልቧ ዘለለ። ቦራ ነው፤ የአባቷ ቦራ። እስከ ገዳሙ በር ድረስ ሰው ሲያወጣ ሰውየው ኮርቻ ላይ እንቅልፍ የሚወስደው፣ ለእግሩ ጠንቃቃ በቅሎ። ሲሚንቶ! አባቷ ቢሞቱ ቦራን ሲሚንቶ አይጭኑትም። ቦራ ጠረኗን ሲያገኝ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ቆመ። የሚነዳውን ሰው አታውቀውም። ከየት አመጣኸው ብትለው በጨዋ ደንብ መለሰላት፤ ከአሸተን ግርጌ ካሉ አንድ ሽማግሌ ነው የገዛሁት አላት። ሽማግሌው ሲሸጡልኝ አንገቱን አቅፈው ቆይተው ነበር አለ።

ቀሪውን መንገድ እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። አቶ ሰጠኝ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ኮርቻ ይጠግናሉ። ምን የሚጫንበት ኮርቻ! በረቱን ብታይ ባዶ ነው። ጊደሯ የለች፣ ቀዩ በሬ የለም። ሁለተኛዋ በቅሎ ብቻ ቀርታ ድርቆሽ ታኝካለች።

«አባዬ፣ ከብቶቹ የት ሄዱ?»

አቶ ሰጠኝ መጀመሪያ ስለ ጤናዋ ጠየቁ፣ ስኳሩን ተቀብለው መረቁ፣ ተቀመጪ አሉ። የላስታ ሽማግሌ ሲጠየቅ ቶሎ አይመልስም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያረዳ። ነገሩ ሲወጣ እንዲህ ነው። በአቶ ሰጠኝ አገር ደንብ የወንድ ወገን ያመጣውን የሴት ወገን በልኩ ያኖራል። በሬ ካመጡ በሬ፣ ላም ካመጡ ላም፤ እኩል በእኩል። ወይዘሮ ባንቺዓለም አልማዝ ሊያመጡ ነው መባሉን ሲሰሙ አቶ ሰጠኝ አልማዝ ምን ያህል እንደሚያወጣ ከተማ ወርደው አጠያየቁ። መጀመሪያ ጊደሯን ሸጡ። ከዚያ ቃለሕይወት ሊጠይቃቸው ሲመጣ «እንግዲህ ቀለበቱ ተቆረጠ ልጄ?» አሉት።

«‹አባባ ትንሽ ይጠብቁን፣ የተሻለ አግኝተናል› ይለኛል» አሉ አቶ ሰጠኝ። «በመጣ ቁጥር የተሻለ አግኝተናል ይለኛል። እነሱ ካሻሻሉ እኔም ላሻሽል ነዋ። በሬውን አወጣሁት። ቀጥሎ ደግሞ ቀለሙ ነጣ አለኝ፤ ቦራን አወጣሁት።»

የትናየት ራሷን ያዘች። ይስቁበት ወይስ ያለቅሱበት? አንዱ ሰገነት ላይ ሆኖ ድንጋይ ያነጣል፣ አንዱ ተራራ ሥር ሆኖ በረቱን ያራግፋል፤ መሃል ቤት ሁለቱም የሚጨነቁት ለሷ ነው። አባዬ፣ እነሱ እኮ እኩል አምጡ አላሉም፣ የከተማ ሰው ይህን ደንብ አያውቀውም ብላ ለመነች። አልችልም ይበሏቸው አለች።

አቶ ሰጠኝ መርፌውን ኮርቻው ላይ ሰኩ። «እነሱ ባያውቁት እኔ አውቀዋለሁ። ያለ እናት ያሳደግሁሽ ልጅ ነሽ። ነገ በሰው ቤት አንድ ቀን ብትጣዪና ‹ምን ይዘሽ መጣሽ?› ብትባዪ ምን ብለሽ ትመልሻለሽ? በልኬ ይዤ መጥቻለሁ እንድትይ ነው። አንገትሽን እንዳትደፊ ነው።»

በዚህ ላይ ምን ይባላል? ጭቅጭቅ ቢሆን ትችለው ነበር። ይህ ግን ፍቅር ነው፣ ያውም እልኸኛ ፍቅር። የትናየት የአባቷን ጉልበት ስማ ተነሳች፤ ማንን ልቆጣ እያለች ቁልቁል ወረደች።

የሚቆጡት ሰው ራሱ ከፊቷ መጣ። ቃለሕይወት መኪናውን መንገዱ ካለቀበት አቁሞ፣ ላብ አጥምቆት፣ ፊቱ እያበራ ሽቅብ ይወጣል። ቤትሽ አጣሁሽ፣ ስልክ አታነሺም፣ ብሎ ሳትመልስለት የምሥራቹን አዘነበው። ዱባይ ተገኝቷል። ትልቅ ነው፣ እንደ ውሃ የጠራ ነው፣ ወገቡም ወፍራም ነው። በአውሮፕላን ይመጣል፤ እሑድ ሽማግሌዎቹ ይዘውት ይሄዳሉ። «አሁን ለአባባ ልነግራቸው ነው የምሄደው» አላት።

«እንዳትሞክረው!» አለች የትናየት። ድምፅዋን ገደሉ አስተጋባው።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ጊደሯን፣ በሬውን፣ ቦራን። በየተራ ስትነግረው በየተራ ገባው፤ የትኛው ከብት ለየትኛው ድንጋይ እንደሄደ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ፊቱ አመድ መሰለ። መንገድ ዳር ካለው ካብ ላይ ተቀመጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«እኔ? እኔስ መቼ አወቅሁ? እየሄድክ የምትነግራቸው አንተ!»

«ደስ እንዲላቸው ብዬ እኮ ነው፤ ሲጠይቁኝ...» አቋረጠና «በቃ፣ ድንጋዩን አስመልሰዋለሁ። ዛሬውኑ» አለ።

«ከዚያስ? ‹ሰጠኝ አልችል ብሎ ቀለበቱ ቀረ› ይባላል። አባቴ ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ቀና ብሎ የሚገባ ይመስልሃል? ብታመጣው ይደኸያል፣ ብትመልሰው ይዋረዳል።»

«እንግዲያ ምን ላድርግ የትና? አንቺ ንገሪኝ።»

እዚህ ላይ ነው የከረመው ሁሉ የገነፈለ። «አሁን ነው የምትጠይቀኝ? ቀለሙን ጋሽ ሐምዳንን ጠየቅህ፣ መጠኑን እናትህን ጠየቅህ፣ ዱባይ ድረስ ጠየቅህ። እኔ ጓንት ይገባልኛል ወይ ስል አልሰማኸኝም። ድንጋዩ በየት በኩል ሲመታ እንደሚሰነጠቅ ታውቃለህ፤ እኔን በየት በኩል እንደምትመታኝ አታውቅም።»

ቃለሕይወት ቀና ብሎ አያት። ያን ጊዜ መነጽር የለ፣ ስልክ የለ፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ልክ ነሽ» አለ በቀስታ። «አልጠየቅሁሽም። ምንድነው የምትፈልጊ?»

መልሱ አፏ ላይ ነበር። አንተን ነው የምፈልግ፤ አንተን፣ ሥራዬን፣ የአባቴን በረት እንደነበረ። ይህን ማለት እንዴት ያቅታል? አቃታት። ንዴቷ ገና አልወጣላትም፤ ‹ይቅር፣ ሽማግሌም እንዳትልክ› ብላው ሄደች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ዞራ አየች። እዚያው ካቡ ላይ ነው። ልመለስ አለች፤ እግሯ እምቢ አላት፤ እስከ ከተማ እያለቀሰች ወረደች።

እሷ አትላክ ብትልም ወይዘሮ ባንቺዓለም አንዴ ቀን ቆርጠዋል፣ ቃል ልከዋል፤ ቃለሕይወትም ‹ብትመልሰው ይዋረዳል› ያለችውን ፈርቶ አላስቆማቸውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች የአቶ ሰጠኝን ደጅ ረገጡ። ፊታውራሪያቸው የሁለቱም ቤት የንስሐ አባት ቄስ ባምላክ ናቸው። ገብተው ቤት ለእንቦሳ አሉ፤ እንቦሳ እሰሩ ተባሉ። መደብ ላይ አጎዛ ተነጥፎ ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። ደንቡ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ አይቀመጥም።

የትናየት ጓዳ ናት፣ ከአክስቷ ከእማማ አገሬ ጋር። እሷም ደንብ አለባት፤ ሽማግሌ እስኪነሳ ድምፅዋ አይሰማም። በጓዳው ቀዳዳ ስታይ ቃለሕይወት ከግቢው አጥር ውጭ ቆሟል። ሙሽራ በዚህ ቀን እዚህ ምን ይሠራል? ወይዘሮ ባንቺዓለምም አላስችል ብሏቸው ከመኪና ወርደው፣ በዚያ በከተማ ጫማ፣ ኮረብታውን ወጥተው ከልጃቸው አጠገብ ቆመዋል። በሽምግልና ላይ የወንድ እናት አትታይም ነበር። የከተማ ሰው ደንብ ሲያፈርስ እንኳ በጅምላ ነው።

ቄስ ባምላክ በወጉ ተናገሩ። ልጃችሁን ለልጃችን አሉ፤ ከጉያቸውም ትንሽ ሳጥን አውጥተው ከፈቱ። አልማዙ በዚያ በጨለማ ቤት ውስጥ አንዲት የብርሃን ክር ከበሩ ስቦ በራ። እውነት ለመናገር ያምራል። እማማ አገሬ «አቤት» አሉ። የትናየት ግን የምታየው አባቷን ነው።

አቶ ሰጠኝ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እናንተ በልካችሁ አመጣችሁ፣ እኔም በልኬ አኖራለሁ ብለው ቆጠሩ። የጊደሯን፣ የበሬውን፣ የቦራን ገንዘብ። «የቀረችውንም በቅሎ» አሉ። ትንፋሽ ወሰዱ። «ይህም ካነሰ ወንዙ ዳር ያለችውን መሬቴን በኮንትራት አስይዣለሁ። ልጄ ባዶ እጇን አትወጣም።»

መሬቱን! እናቷ ሽምብራ የዘራችበትን፣ ዓመቱን የሚያበላቸውን መሬት። የትናየት እማማ አገሬ ቀሚሷን ሲይዟት አስለቅቃ ወጣች።

አንደኛው ሽማግሌ አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ። የትናየት መሬት ስማ ተነሳች።

«አባቶቼ፣ ይቅር በሉኝ። ደንብ አፍርሼ ሳይሆን ደንብ ልጠይቅ ነው የወጣሁት። ደንባችን እኩል በእኩል ነው አይደለም አባ?»

«ነው ልጄ» አሉ ቄስ ባምላክ ግራ ገብቷቸው።

«እንግዲያ ባዶም ከባዶ እኩል ነው። እነሱ ድንጋያቸውን ይመልሱ፣ አባቴም ከብቱንና መሬቱን ይመልስ። እሱ ባዶ እጁን ይምጣ፣ እኔም ባዶ እጄን ልውጣ። ከዚህ የበለጠ እኩል ካለ ንገሩኝና እኔ ጓዳዬ ልመለስ። ነገ ‹ምን ይዘሽ መጣሽ› ብባል ‹አንተ የያዝከውን ያህል› እላለሁ። አባዬ፣ አንገቴን የሚያስደፋኝ ባዶ እጄ አይደለም። ባዶ በረትዎ ነው።»

ቄስ ባምላክ ጢማቸውን ይዘው ቀሩ። ደንቡን ከየትም ቢያገላብጡት ልጅቱ አልሳተችም። አቶ ሰጠኝ መሬት መሬት ያያሉ። በሩ ላይ ጥላ ወደቀ፤ ወይዘሮ ባንቺዓለም ገቡ፣ ቃለሕይወት ከኋላቸው።

«እኔ ሰው ላዋርድ አልመጣሁም» አሉ ወይዘሮ ባንቺዓለም። ድምፃቸው የሰገነቱ ድምፅ አልነበረም። «በዚያ በጦርነቱ ክፉ ጊዜ ከዚያ ሁሉ ሆቴል አንድ ያልተሰበረ ብርጭቆ አልቀረልኝም። በሩ ተሰበረ፣ አልጋው ተሰበረ። ባለቤቴም በዚያው ሐዘን ሄደ። ለልጄ ሚስት የማይሰበር ነገር ላስር ብዬ ነው። ሌላ ምንም ክፋት የለብኝም።»

የትናየት እስከዚያች ሰዓት ለኚህ ሴትዮ የቋጠረችው ንዴት ብዛቱ ለብቻው በቅሎ ይጭናል። የሚሉትን ስትሰማ ግን የምትጥልበት አጣች። ቀርባ እጃቸውን ያዘች። በረኪና የሰነጠቀው እጇ በወይዘሮ ባንቺዓለም ለስላሳ እጅ ላይ ሻከረ።

«እማዬ» አለቻቸው፤ እስከዚያ ቀን እትዬ ነበር የምትላቸው። «በዚያ ጊዜ እኔም እዚሁ ነበርኩ። መብራት የለ፣ መድኃኒት የለ፣ በስልክ ባትሪ ነው ሳዋልድ የኖርኩ። የፈረደብኝን ሁሉ አየሁ። አልተሰበርኩም። ሥራዬን አይንኩብኝ እንጂ አሁንም አልሰበርም።»

ወይዘሮ ባንቺዓለም እጇን ገልብጠው መዳፏን አዩት፣ ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ጋሽ ሐምዳን ድንጋይ ሲያሳዩዋቸው እንኳ እንዲህ ቀርበው አላዩም። ከዚያ ወደ ቄስ ባምላክ ዞረው ሳጥኑን ይዝጉት አሉ።

አሁን የቀሩት አቶ ሰጠኝ ናቸው። የሁሉም ዓይን እሳቸው ላይ ነው፤ ሽማግሌዎቹም እንደቆሙ ናቸው። አቶ ሰጠኝ እምቢ ካሉ ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ።

ቃለሕይወት ወደፊት መጥቶ ከአዛውንቱ እግር ሥር ተንበረከከ። የተማረው ንግግር ሁሉ የጠፋው ይመስላል።

«አባባ፣ እየደጋገሙ ሲጠይቁኝ ስለ ድንጋዩ መስሎኝ ነበር» አለ። «ስለ ልጅዎ መሆኑን አላወቅሁም። ጥፋቱ የኔ ነው። ባዶ እጄን ነው የመጣሁ። ይስጡኝ።»

አቶ ሰጠኝ አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ መለሱ። ከብቶቹን የገዙት ሰዎች አገር ያወቃቸው ናቸው፣ የመሬቱም ውል ገና ቀለሙ አልደረቀም፤ ቄስ ባምላክ ያነጋግሩልኛል አሉ። ቄስ ባምላክ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ ምን ቀረ?» አሉ አቶ ሰጠኝ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱት። «እግራችሁ ደከመ። ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና አንድ ባንድ አጎዛው ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ባንቺዓለምም እማማ አገሬ ያመጡላቸው በርጩማ ላይ አረፉ። ቃለሕይወት ብቻ ተቀመጥ የተባለው ለሱም ይሁን አይሁን ሳያውቅ መሃል ወለሉ ላይ ተገትሮ ቀረ። አቶ ሰጠኝ አዩት፤ ሳቅ እንዳያመልጣቸው ከንፈራቸውን ነከሱ። መደቡ ላይ ፈቀቅ አሉና ከጎናቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው ጠፍጠፍ አደረጉ።

«አንተስ ልጄ፣ ምን ይገትርሃል?» አሉት።

የትናየት ከጠዋት ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ከቤቱ ውስጥ ማንም ዝም በይ አላላትም።